ንጉሥ ካልተከሰሰ ማን ይከሰሳል?

ባለፈው የክርክር ምሽት በአዳራሹ የነበራችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ለውይይት የቀረበው ጉዳይ «ለፓርላማ አገዛዝ ዘውድ ይበጃል ወይስ አይበጅም?» የሚል ነበር። የመጀመሪያው ተናጋሪ ወንድማችን፣ ንጉሥ ማለት በዛሬው ዘመን ከግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ጋሻ ነው፤ ያምራል እንጂ አይመክትም ብሎ ተጨበጨበለት። ሁለተኛዋ ተናጋሪ እኅታችን ደግሞ፣ ንጉሥ የሌለው አገር ምሰሶ እንደሌለው ጎጆ ነው ብላ ከዚያ የበለጠ ተጨበጨበላት። እኛም ለሁለቱም አጨብጭበን ወጣን። ነገር ግን ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ነገሩን ብናወጣውና ብናወርደው፣ ሁለቱም ዋናውን ነገር ሳይነኩት እንደ ቀሩ ተገነዘብን። ይኸውም በእነዚያ ንጉሥም ፓርላማም ባላቸው አገሮች ንጉሡ አንድ ወረቀት ሲፈርም፣ በፊርማው ለሚመጣው ነገር ተጠያቂው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ለዘውድ ጠበቃ ለመቆም ወይም ዘውድን ለመንቀፍ አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለራሳችንም ለመረዳት ለጓደኞቻችንም ለማስረዳት ነው። የውጭ አገር ታሪክ ዓመታትን በኤውሮጳውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምተናል። ይህ ምሳሌ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ለተገፋ ሰው ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ፣ አቤት የምትልበት የለህም ለማለት። የሚያስገርመው ግን የእንግሊዝ የሕግ ሊቃውንትም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አነጋገር አላቸው፤ ንጉሥ ጥፋት ሊሠራ አይችልም ይላሉ። ላይ ላዩን ላየው ሰው የእኛው ምሳሌ የፈረንጅ ልብስ ለብሶ የመጣ ይመስለዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የእኛ ምሳሌ ነገሩን ይዘጋዋል፤ የእነርሱ አነጋገር ነገሩን ይከፍተዋል። ንጉሥ ጥፋት ሊሠራ ካልቻለ፣ ጥፋት በተሠራ ጊዜ ጥፋተኛው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ያም ሰው ተፈልጎ መገኘት አለበት ማለት ነውና። ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ የሚባለው የአገዛዝ ዓይነት፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ከዚህ ከአንዱ ነገር የተወለደ ነው።

ዐሳቡ ግን በአንድ ሊቅ ተጽፎ የወጣ ሳይሆን በደምና በሙግት የተገኘ ነው። እንግሊዞች በመጀመሪያ የሞከሩት ንጉሡን ራሱን መክሰስ ነበር። ቀዳማዊ ቻርልስን በ1649 ለፍርድ አቁመው አንገቱን ቆረጡት። ከዚያም ያለ ንጉሥ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ አገዛዙ ግን በጦር አለቃ እጅ ስለ ወደቀባቸው በ1660 የሟቹን ልጅ ዳግማዊ ቻርልስን መልሰው አነገሡት። ሁለተኛው ዘዴያቸው የተሻለ ሆነ። በ1678 የዚሁ ንጉሥ ዋና ሚኒስትር የነበረው ዳንቢ ከፈረንሳይ ንጉሥ በምሥጢር ገንዘብ እንዲጠየቅ በፓሪስ ወደ ነበረው አምባሳደር ደብዳቤ ጽፎ ኖሮ፣ ደብዳቤው ወጥቶ በፓርላማ ፊት ተነበበ። በደብዳቤው ላይ ንጉሡ ነገሩ በእርሱ ትእዛዝ የተጻፈ መሆኑን በገዛ እጁ ጽፎበት ነበር። እንግዲህ ዳንቢ «ጌታዬ አዝዞኝ ነው» ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ በእጁ ነበረው ማለት ነው። የሕዝብ ምክር ቤቱ ግን የንጉሥ ትእዛዝ ለሚኒስትር መሸሸጊያ አይሆነውም ብሎ ከሰሰው። ንጉሡ ምሕረት ሰጠው፤ ምክር ቤቱ ምሕረቱን አልቀበልም አለ፤ ዳንቢም በሎንዶን ግንብ አምስት ዓመት ያህል ታሰረ። በ1701 የወጣው የዘውድ አወራረስ ሕግም ምክር ቤቱ የከሰሰውን ሰው የንጉሥ ምሕረት ከክሱ እንደማያድነው ደነገገ።

ይህ የዳንቢ ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከብዙ ጦርነቶች የበለጠ ሥራ ሠርቷል ብለን እናምናለን። በነገሩ ምክንያት የሚኒስትሮች ጠባይ ተለወጠ። ነገ በራሱ ላይ በሚመጣበት ነገር ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈርም ሰው የለምና፣ ሚኒስትሩ ንጉሡን «ይህን አልፈርምም፤ ለምክር ቤቱ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ማለት ጀመረ። ንጉሡም የሚፈርምለት ሚኒስትር ካላገኘ ሥራ መሥራት አይችልም። በዚህ ዓይነት ሥልጣን ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የሄደው በአንድ ቀን ዐዋጅ ሳይሆን ተጠያቂነትን እግር በእግር እየተከተለ ነው። የ1689ኙ የመብት ሕግ ንጉሡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ቀረጥ እንዳይጥል፣ ሕግ እንዳያግድ፣ በሰላም ጊዜ ጦር እንዳያቆም ከለከለው። ንግሥት አን በ1708 አንድ ሕግ አላጸድቅም አለች፤ ያንንም ያደረገችው በሚኒስትሮቿ ምክር ነው። ከእርሷ ወዲህ እስከ ዛሬ አንድም የእንግሊዝ ንጉሥ ፓርላማው ያወጣውን ሕግ አልፈርምም ያለ የለም። በ1714 ከጀርመን አገር የመጣው ቀዳማዊ ጆርጅ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሚኒስትሮች ጉባኤ መቅረት ጀመረ፤ በባዶው ወንበር ላይ ቀስ በቀስ ጠቅላይ ሚኒስትር ተቀመጠበት።

የመጨረሻው ትግል በ1834 ነበር። ንጉሥ ዊልያም አራተኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሎርድ ሜልበርንን ሽሮ ሰር ሮበርት ፒልን ሾመ። ፒል ምርጫ አስደረገ፤ በምክር ቤቱ ግን የበላይነት ሳያገኝ ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላ በሚያዝያ 1835 ንጉሡ ያንኑ የሻረውን ሰው መልሶ መሾም ግድ ሆነበት። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አገር መንግሥትን በፈቃዱ የሻረ ንጉሥ የለም። አንድ ንጉሥ በሹመት ጉዳይ እንዲህ በአደባባይ ሲያፍር ተከታዮቹ ትምህርት ያገኛሉ፤ እነርሱም አገኙ።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በመስከረም 6 ቀን 2022 የዘጠና ስድስት ዓመቷ ንግሥት ኤልሳቤጥ በስኮትላንድ ባለው ቤታቸው በምርኩዝ ተደግፈው የሚስተር ጆንሰንን ስንብት ተቀበሉ፤ በዚያው ቀን ሚስስ ትረስን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። በሁለተኛው ቀን ንግሥቲቱ ዐረፉ። ልጃቸው ንጉሥ ቻርልስ በእናታቸው ወንበር በተቀመጡ በሰባተኛው ሳምንት ሚስስ ትረስ በገዛ ፓርቲያቸው ተገፍተው ወረዱና ንጉሡ ሚስተር ሱናክን ሾሙ። በአርባ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁለት ነገሥታትና ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ማለት ነው። ገበያው ተናውጧል፤ ጋዜጦቹ ጮኸዋል፤ ነገር ግን ማን ይገዛል ብሎ ጠብመንጃውን የወለወለ ሰው አልነበረም።

የአገራችንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ዐፄ ምኒልክን ማስታወሱ አይቀርም። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ. ም. ሲያርፉ መሞታቸው በይፋ ሳይነገር ተሰውሮ ቆየ፤ ያን የመሰለ ንጉሥ በወግ ሳይለቀስላቸው ቀሩ። ይህ የሆነው ባለሟሎቹ ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም። የአገሩ ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው እስትንፋስ ላይ ሲንጠለጠል የዚያ ሰው ሞት የቤተ ሰብ ሐዘን ብቻ መሆኑ ይቀርና የአገር አደጋ ይሆናል። የሥልጣኑ ባለቤት ሌላ፣ የዘውዱ ባለቤት ሌላ በሆነበት አገር ግን ንጉሥ እንደ ሰው ሊሞት ይችላል። ለዘውድ ጠበቆች ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ለእኛ ጠንካራ ሆኖ የታየን ይህ ነው፤ በክርክሩ ምሽት ግን ማንም አላነሣውም።

ታዲያ ንጉሡ የሚሠራው ምንድን ነው? ዋልተር ባጆት የተባለው ጸሐፊ በ1867 ስለ እንግሊዝ ሕገ መንግሥት ባወጣው መጽሐፍ የንጉሥን መብት በሦስት ወስኖታል፤ ይኸውም ሚኒስትሮቹ እንዲያማክሩት፣ እርሱም እንዲያበረታታቸውና እንዲያስጠነቅቃቸው ነው። ከዚህ አልፎ ማዘዝ የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በየሳምንቱ ከንጉሡ ዘንድ ገብቶ ብቻ ለብቻ ይነጋገራል፤ የተነጋገሩት አይጻፍም፣ ለሌላም አይነገርም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ከቸርችል ጀምሮ እስከ ሚስስ ትረስ ዐሥራ አምስት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን በዚህ ዓይነት አነጋግረዋል፤ ሰባ ዓመት ሙሉ የመንግሥትን ምሥጢር የሰማ ሰው ምክሩ ዋጋ የለውም ለማለት አይቻልም። ለመናገር መብት ያለው ለማዘዝ ግን መብት የሌለው ሽማግሌ በየቤታችን ስላለ ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የፓርላማው መክፈቻ ነው። ንጉሡ ዘውድ ደፍተው በመኳንንቱ ምክር ቤት ይቀመጣሉ። መልእክተኛቸው የሕዝብ እንደራሴዎችን ሊጠራ ሲሄድ በሩ በፊቱ ላይ ይዘጋበታል፤ በበትሩ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ንጉሡ እስኪመለሱ ድረስም አንድ የምክር ቤት አባል በቤተ መንግሥቱ መያዣ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ንግግር ያነባሉ። «መንግሥቴ እንዲህ ያደርጋል» እያሉ የሚያነቡት ቃል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሚኒስትሮቹ የጻፉት ነው፤ አንዲት ፊደል አይጨምሩበትም። ንግግሩን ቢጠሉትም በዚያው ድምፅ ማንበብ ግዴታቸው ነው። ከዚያም ተቃዋሚዎቹ ንግግሩን እንዳሻቸው ይተቹታል፤ የሚተቹት የጠቅላይ ሚኒስትሩን ቃል እንጂ የንጉሡን አይደለምና ንጉሡን ደፈረ የሚባል ሰው የለም። በሌላ አገር አገዛዝን መንቀፍ አገርን መክዳት ተብሎ ሲቆጠር፣ በዚያ ግን አገሩ በአንድ ሰው አገዛዙ በሌላ ሰው ስለ ተወከለ፣ ተቃዋሚው ክፍል «የንጉሡ ታማኝ ተቃዋሚ» ተብሎ ይጠራል፤ መሪውም ከመንግሥት ደመወዝ ይቀበላል።

ሆኖም ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የጠራ አይደለም። በ1963 ሚስተር ማክሚላን ታመው ሥልጣን ሲለቁ ፓርቲያቸው መሪ የሚመርጥበት ደንብ አልነበረውም። ንግሥቲቱ ሆስፒታል ድረስ ሄደው የማክሚላንን ምክር ሰሙና ሎርድ ሂዩምን ጠሩ። ብዙዎች አጉረመረሙ። ፓርቲው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1965 መሪውን በድምፅ መምረጥ ስለ ጀመረ፣ የንግሥቲቱ የመምረጥ ዕድል በዚያው ተዘጋ። በ2019 ደግሞ ሚስተር ጆንሰን የምክር ቤቱ ጉባኤ ለአምስት ሳምንት እንዲዘጋ ንግሥቲቱን መክረው አስፈረሙ። ንግሥቲቱ ፈረሙ፤ አልፈርምም ማለት አይችሉም ነበር። በመስከረም 24 ቀን ዐሥራ አንድ ዳኞች በአንድ ድምፅ ምክሩ ሕገ ወጥ ነው፣ ጉባኤው እንዳልተዘጋ ይቆጠራል ብለው ፈረዱ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ፓርላማውን የጠበቀው ፍርድ ቤት እንጂ ዘውድ አልነበረም። ንጉሥ የዴሞክራሲ ዘበኛ ነው የሚሉ ጓደኞቻችን ይህን ልብ ቢሉት እንወዳለን። ዳኞቹም ቢሆኑ የፈረዱት በመካሪው ላይ እንጂ በፈራሚዋ ላይ አይደለም፤ የዳንቢ ነገር ከሦስት መቶ አርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ንጉሡ ኅሊናዬ አይፈቅድም ቢልስ? ይህ በቤልጅግ ደርሷል። በ1990 የቤልጅግ ፓርላማ ስለ ፅንስ ማስወረድ ያወጣውን ሕግ ንጉሥ ቦዱዋን በሃይማኖታቸው ምክንያት አልፈርምም አሉ። ሕዝቡ ንጉሡን ይወዳቸዋል፤ ሕጉ ደግሞ በድምፅ ብልጫ ወጥቷል። ሚኒስትሮቹ ያገኙት ብልሃት ይህ ነበር፤ ንጉሡ ለጊዜው መንገሥ አልቻሉም ብለው ዐወጁ፣ በንጉሡ ስም ራሳቸው ሕጉን ፈረሙ፣ ከአንድ ቀን ተኩል ያህል በኋላ ፓርላማው ተሰብስቦ ንጉሡን ወደ ዙፋናቸው መለሳቸው። ይህን ለጓደኞቻችን ስናጫውት ብዙዎቹ ሳቁ። እኛ ግን አንሥቅበትም። የንጉሡ ኅሊና ተከበረ፤ የፓርላማው ሕግም ቆመ፤ ደም አልፈሰሰም።

ከዚህ የከፋ ቀን ሲመጣ ግን ብልሃት አይበቃም፤ የንጉሡ ጠባይ ራሱ ይመዘናል። በ1905 ኖርዌዦች ከስዊድን ሲለዩ ንጉሥ ሊሆኑ የተጠሩት የዴንማርክ ልዑል ሕዝቡ ድምፅ ካልሰጠበት አልመጣም አሉ። ሕዝቡም 259,563 ለ69,264 በሆነ ድምፅ ፈቀደና ሆኮን ሰባተኛ ተብለው ነገሡ። በሚያዝያ 1940 ጀርመኖች አገሩን ወርረው ኩዊዝሊንግን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው እንዲሾሙ ሲጠይቋቸው፣ እኚህ ንጉሥ ለሚኒስትሮቻቸው የተናገሩት ሊጠና የሚገባው ነው። ውሳኔው የመንግሥቱ ነው፤ እኔ ግን ሕዝቡ የማያምንበትን ሰው መሾም አልችልምና ከተቀበላችሁት ዘውዱን እለቃለሁ አሉ። አላዘዙም፤ የመንግሥቱንም ውሳኔ አልቀሙም። ሚኒስትሮቹ ከእርሳቸው ጋር ተስማሙና ተዋጉ።

ከዚያ ዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት በኢጣልያ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። በጥቅምት 1922 የሙሶሊኒ ሰዎች ወደ ሮም ሲገሠግሡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋክታ የጦር ጊዜ ዐዋጅ አዘጋጅቶ ለንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል አቀረበ። ንጉሡ አልፈርምም አሉ፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ከአምስት መቶ በላይ ከሆኑት መቀመጫዎች ሠላሳ አምስት ያህል ብቻ የነበሩትን ፋሺስቶች መሪ ጠርተው ሾሙ። ለዚህች አንዲት ያልተፈረመች ወረቀት ከኢጣልያኖች ይልቅ ብዙ የከፈለው ምናልባት የእኛ ሕዝብ ነው። ንጉሡ በ1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብለው እስከ መጠራት ደረሱ። የኢጣልያ ሕዝብ በሰኔ 1946 በሰጠው ድምፅ ዘውዱን አሰናበተ። ስለ ስፔኑ ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ ግን ፍርዱ እንዲህ ቀላል አይደለም። በየካቲት 1981 ወታደሮች ምክር ቤቱን ሲይዙ ንጉሡ የጦር ልብስ ለብሰው ሌሊት በቴሌቪዥን ቀርበው ሕገ መንግሥቱን ደገፉ፤ ዓመፁም ከሸፈ። እኒሁ ሰው ግን በ2014 ዘውዱን ለልጃቸው ለቀው፣ በ2020 በገንዘብ ሐሜት ምክንያት ከአገራቸው ወጡ። ንጉሥ አይከሰስም የሚለው ቃል ለመንግሥት ሥራ የተሠራ ሲሆን ለግል ኪስም ይሠራል ወይ? የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ በስፔን አልበረደም።

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ ያየ ሰው የሚያገኘው ዕድል የሚባለውን ነገር ነው። አንዱ ጥሩ ንጉሥ ገጠመው፣ ሌላው ክፉ። ስዊድኖች ይህን ዕድል ጨርሶ ለመዝጋት በ1974 ባወጡት ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የማቅረቡን ሥራ ከንጉሡ ወስደው ለፓርላማው አፈ ጉባኤ ሰጡት፤ ንጉሣቸው ሕግ እንኳ አይፈርሙም። በአፍሪካ ደግሞ ሌሶቶን ብንመለከት፣ በ1994 ንጉሥ ሌትሲዬ በሕዝብ የተመረጠውን መንግሥት ሽረው፣ የጎረቤት አገሮች ጫና ሲበረታ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሰው አስቀመጡት። የዊልያም አራተኛን ትምህርት በ160 ዓመት ዘግይተው ቀሰሙ ማለት ነው።

ለእኛ አገር ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ግን የጃፓን ነው። የ1889ኙ የሜጂ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስና የማይደፈሩ ናቸው አለ፤ ለሚወጣውም ሕግና ትእዛዝ ሁሉ ሚኒስትር አብሮ እንዲፈርም አዘዘ። እስከዚህ ድረስ የዳንቢን ትምህርት የተማሩ ይመስላል። ነገር ግን የጦሩን አዛዥነት ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ስለ ሰጠ፣ የጦር አለቆች ሚኒስትሮቹን አልፈው በቀጥታ ወደ ዙፋኑ ይገቡ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አይጠየቁም፤ ሚኒስትሩ ስለ ጦሩ አያገባውም፤ የጦር አለቃው ደግሞ የማገለግለው ንጉሠ ነገሥቱን ነው ይላል። በመስከረም 1931 በማንቹሪያ ያለው የጃፓን ጦር ካቢኔው ሳያውቅ ጦርነት ሲከፍት፣ በቶክዮ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ።

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1923 ዓ. ም.፣ የእኛ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በአዲስ አበባ ተፈርሞ ነበር። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ ዋና ምሳሌ ያደረጉት ይህንኑ የሜጂን ሕግ ነው። በዘመኑ ለነበሩት ሰዎች አሳባቸው ይገባናል፤ ጃፓን ነጻነቷን ጠብቃ የሠለጠነች አገር ነበረችና። በጥቅምት 1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎች በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ፤ ምርጫውም በ1950 ዓ. ም. ተደረገ። ያም ሆኖ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይደፈር ሆኖ ቀረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሚኒስትሮቹን የሚሾሙና የሚሽሩም እርሳቸው ነበሩ። በመጋቢት 1958 ዓ. ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን መርጦ እንዲያቀርብ ተፈቀደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ግን የሚቆመውም የሚወድቀውም በቤተ መንግሥቱ እንጂ በምክር ቤቱ አልነበረም።

እንግዲህ የጽሑፋችንን ጥያቄ እዚህ ላይ እናንሣ። በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. በወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ በሕጉ መሠረት በእንደራሴዎቹ ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጥና መልሱ ካላረካ የሚወርድ ሰው ማን ነበር? አልነበረም። ንጉሡ አይከሰሱም፤ ሚኒስትሩም የሚያገለግለው የማይከሰሰውን ነው። በየካቲት 1966 ዓ. ም. የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሲወርድ ያወረደው የምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን የወታደሩ፣ የተማሪውና የባለ ታክሲው ዓመፅ ነው። ከዚያ በኋላ የተሰበሰበው ኮሚሲዮን ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ እንዲመረጥና ለምክር ቤቱ ተጠያቂ እንዲሆን የሚያደርግ ረቂቅ አዘጋጀ። ይህ ረቂቅ ሳይጸድቅ ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። አንዳንድ ጓደኞቻችን ረቂቁ ዐሥር ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ እያሉ ይቆጫሉ። እኛ ግን የተሟላ መልስ የለንም፤ ፓርቲ በሌለበት ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትርን ማን ደግፎ ማን ይጥለው እንደ ነበር ለማየት ይከብደናል።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ወንድማችን ያነሣው አንድ ነገር አለ፤ በእርሱ ላይ ልንከራከረው አንችልም። ሰው በመወለዱ ብቻ ከሌላው ሰው በላይ መቀመጡ ሰው ሁሉ እኩል ነው ከሚለው ቃል ጋር አይታረቅም። አየርላንድና ጀርመን ያለ ንጉሥ ይህንኑ ሥራ ለፕሬዚዳንት ሰጥተው በደኅና ይኖራሉ። እኛም በ1987 ዓ. ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት የያዝነው መንገድ ይኸው ነው። ርእሰ ብሔሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ለስድስት ዓመት ይመረጣል፤ የሚያስፈጽመው ሥልጣን ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩና በሚኒስትሮች ምክር ቤት እጅ ነው። የቤልጅግ ሚኒስትሮች በ1990 የተቸገሩበትን ነገርም ሕጉ አስቀድሞ ፈትቶታል፤ ፕሬዚዳንቱ የቀረበለትን ሕግ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል።

ስለዚህ በፊርማው በኩል የሚያከራክረን ነገር የለም፤ የሚቀረው ተጠያቂውን ሰው የመጠየቁ ነገር ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ወራት በየሳምንቱ ረቡዕ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ከተቃዋሚዎቹ የሚሰነዘርለትን ጥያቄ ይመልሳል። የክርክር ኮሚቴው ለሚቀጥለው ምሽት ርእስ እየፈለገ መሆኑን ሰምተናል። ዘውድን ለጊዜው ትተን፣ የእኛ እንደራሴዎች ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን በዓመት ስንት ጊዜ ሊጠይቁት ይገባል የሚለውን ብናቀርብ ምን ይመስላችኋል?